የኩንግ ፉ ፊልም ማስታወቂያ ቃሉን ይጠብቃልን? በደቻቱ ዳር የተነሣ ጥያቄ

1. መነሻ

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ፣ ጎርፍ ከሚመጣበት ጊዜ በቀር፣ ውሃ የማይታይበት የአሸዋ ሜዳ ነው። በአንደኛው ማዶ፣ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ከደረሰ በኋላ መንገዱ ቀጥ ተደርጎ የተሠራው ከዚራ አለ፤ በሌላው ማዶ መጋላ አለ። ለትልልቅ ሰዎች ደቻቱ መሻገሪያ ነው። ለእኛ ግን በልጅነታችን የኳስ ሜዳና የካራቴ ትምህርት ቤት ነበረ። ማታ በቪዲዮ ቤት ያየነውን ርግጫ ጧት በአሸዋው ላይ እንሞክረው ነበር፤ የወደቀውም አሸዋ ስለሚቀበለው ብዙ አይጎዳም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የተወለደው በዚያ ሥፍራ ነው። አንድ ቀን በወንዙ ዳር በነበረ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ለማየት የገባነው ፊልም ከመጀመሩ በፊት፣ በካሴቱ ራስ ላይ የሌላ ፊልም ማስታወቂያ ታየ። ቢጫ ልብስ የለበሰው ብሩስ ሊ፣ ከደረቱ በላይ ሊደርስበት ከማይችል ከአንድ እጅግ ረጅም ሰው ጋራ ይፋለማል። ሳምንቱን ሙሉ ያን ማስታወቂያ በአሸዋው ላይ ስንተርከው ሰነበትን፤ በተተረከም ቍጥር እየረዘመ ሄደ። በሳምንቱ በበሩ ላይ በቆመው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ዛሬ ብሩስ ሊ» ተብሎ ተጽፎ አየንና ከታላቅ ወንድሜ ጋራ ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ገባን።

ፊልሙ ሲጀመር የምናየው ትልቅ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ከብርሃን የሚያሸሽ ሰው ሆነ። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «አቦ፣ ይሄ ብሩስ ሊ አይደለም!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተቆጥተው ዝም አሰኙት። ስንጠብቀው የሰነበትነው ፍልሚያ የመጣው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ስንወጣ ወንድሜ ወደ በረኛው ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ብሩስ ሊ እኮ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የመጣው፤ ገንዘባችንን ይመልሱልን» አላቸው። ሰውየውም ሥቀው፣ «መጥቷል አይደለም እንዴ? ከመጣ ምን ቀረህ?» ሲሉ መለሱለት።

መልሱ በዚያን ጊዜ አናደደን። ነገሩን ቀስ ብሎ ለሚመረምረው ግን የበረኛው ቃል ቀላል አይደለም፤ ማስታወቂያው ያሳየን ነገር በእርግጥ በፊልሙ ውስጥ ነበረ። ታዲያ ተታለልን ወይስ አልተታለልንም? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ፣ ብዙ ሰው በሚያውቃቸው ጥቂት ፊልሞች እየፈተኑ ማስረዳት ነው። ከዚህ በላይም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ትሬይለር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ

በእንግሊዝኛ «ትሬይለር» ማለት ተከታይ፣ ከኋላ የሚጎተት ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በ1910ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የሚመጣው ፊልም ማስታወቂያ ከዋናው ትርኢት በኋላ ይታይ ስለ ነበረ ነው። ተመልካቹ ግን ዋናው ሲያበቃ ተነሥቶ ስለሚወጣ ማስታወቂያው ወደ ፊት ተዛወረ፤ ስሙ ብቻ እንደ ነበረ ቀረ።

ርዝመቱም የተወሰነ ነው። በአሜሪካ ለብዙ ዘመን ከ2 ደቂቃ ተኩል እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር፤ በ2014 ደግሞ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ከ2 ደቂቃ እንዳያልፍ ጠየቀ። አንድ ፊልም 100 ደቂቃ ቢሆን፣ የ2 ደቂቃ ተኩል ማስታወቂያ ከ40 እጅ አንዱ ነው ማለት ነው። ብዙውን ጊዜም የሚያዘጋጀው የፊልሙ ዲሬክተር ሳይሆን ለማስታወቂያ ሥራ የተለየ ድርጅት ነው። ፊልሙ ተቆርጦና ተቀጥሎ ሳይፈጸም ስለሚጀመርም፣ በማስታወቂያው ታይተው በፊልሙ የማይገኙ ቀረጻዎች መኖራቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

የኩንግ ፉ ፊልም ለዚህ ሥራ ከሌላው ይልቅ ይመቻል። የፍቅር ታሪክ በ2 ደቂቃ አይነገርም፤ አንድ ርግጫ ግን ከአንድ ሰከንድ በታች ይፈጸማል። ስለዚህ አዘጋጁ ከየፍልሚያው ጫፍ ጫፉን ለቅሞ አንድ ላይ ቢያደርገው፣ በዓለም ላይ ማንም ሰው ሊፋለመው የማይችል ፍልሚያ ይወጣለታል። ነገሩ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን ለቅሞ እንደ ማቅመስ ነው፤ ቀማሹ የቀመሰው እውነተኛ ሥጋ ነው፤ ድስቱ ሙሉ ሥጋ ነው ብሎ ቢያስብ ግን ተሳስቷል።

በደቻቱ አካባቢ ይህ ነገር ሌላ መልክም ነበረው። በአንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገሩ ልጆች ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ፊልሙ በቻይንኛ ተሠርቶ በእንግሊዝኛ ድምፅ የተተካ ነው፤ ከመካከላችንም እንግሊዝኛውን የሚከተል ጥቂት ነበረ። በማስታወቂያው ላይ ባለ ጎርናና ድምፅ የሚለፈልፈውን ስለማንሰማ፣ የምናምነው የሰውነትን እንቅስቃሴ ብቻ ነበረ። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ይህ አለማወቃችን በአንድ በኩል ጠቅሞን ነበር።

ማስታወቂያ ለተመልካች የሚሰጠውን ተስፋ በሦስት መክፈል ይቻላል፤ እነዚህም የስም ተስፋ፣ የቃል ተስፋና የአካል ተስፋ ናቸው። ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

3. የስም ተስፋ

ወንድሜና እኔ ያየነው ፊልም «ጌም ኦቭ ዴዝ» ማለት «የሞት ጨዋታ» የሚባለው ነው። ብሩስ ሊ ይህን ፊልም ራሱ ዲሬክተር ሆኖ በ1972 መሥራት ጀመረ፤ በመካከሉ «ኤንተር ዘ ድራገን» የሚባለውን ለመሥራት ትቶት ሄደ፤ ወደ ጀመረውም ሳይመለስ ሐምሌ 20 ቀን 1973 በ32 ዓመቱ ሞተ። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ሌላ ታሪክ ተጽፎለት ፊልሙ ለገበያ ወጣ። ዲሬክተሩ የ«ኤንተር ዘ ድራገን» ዲሬክተር የነበረው ሮበርት ክላውስ ነበረ።

ብሩስ ሊ ከተዋቸው የፍልሚያ ቀረጻዎች በዚህ ፊልም የገቡት 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የገቡት በመጨረሻው ላይ ነው። ሌላውን ምትክ ተዋንያን በመነጽር፣ በጢምና በጨለማ ተሸፍነው ሠሩት። እንዲያውም በአንድ ሥፍራ የብሩስ ሊ የፊት ሥዕል በመስታወት ላይ ተለጥፎ ምትኩ ከሥዕሉ በታች ይታያል፤ በሌላም ሥፍራ የእውነተኛው ቀብር ቀረጻ ለታሪኩ ማሟያ ሆኖ ገብቷል። ማስታወቂያው ግን ያን ሁሉ ትቶ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ከሆነው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከካሪም አብዱል ጃባር ጋራ የተደረገውን ፍልሚያ አሳየ። እንግዲህ ከኋላችን የጮኸው ጎረምሳ ልክ ነበረ፤ ዝም ያሰኙት ተሳስተው ነበር።

የስም ነገር በዚህ አያበቃም። ብሩስ ሊ ከሞተ በኋላ የሆንግ ኮንግና የታይዋን ነጋዴዎች እርሱን የሚመስሉ ሰዎችን እየፈለጉ ተመሳሳይ ስም አወጡላቸው። ሆ ቹንግ ታኦ የተባለው ታይዋናዊ በፊልም ገበያ የታወቀው ከብሩስ ሊ ስም በጥቂቱ ብቻ በሚለይ የላቲን አጻጻፍ ነው፤ ሌላው ብሩስ ሌ ተባለ፤ ሌላው ድራገን ሊ ተባለ። አውሮፓዊው ተመልካች በጥንቃቄ ካነበበ የመጀመሪያውን ከእውነተኛው ሊለይ ይችል ነበር። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ሁለቱም «ብሩስ ሊ» ናቸው፤ ሦስተኛውም የሚለየው ከሣልስ ወደ ኃምስ በመለወጥ ብቻ ነው። በጠመኔ የሚጽፈው ሰው ለማታለል ባያስብ እንኳ፣ ፊደሉ ራሱ ልዩነቱን ይደመስሰዋል። በደቻቱ ዳር «ዛሬ ብሩስ ሊ» የሚል ሰሌዳ ሲታይ የሚመጣው የትኛው እንደ ሆነ ከጽሕፈቱ ለማወቅ አይቻልም ነበር።

ይህ የስም ጉዳይ በፍርድ ቤትም ደርሷል። «የስተርዴይ» የተባለውን የ2019 ፊልም የተከራዩ ሁለት አሜሪካውያን፣ በማስታወቂያው ላይ ያዩዋት ተዋናይት በፊልሙ ውስጥ ፈጽማ ስላልተገኘች ከሰሱ፤ ለኪራይ የከፈሉት እያንዳንዳቸው 4 ዶላር የማይሞላ ነበር። በታኅሣሥ 2022 በካሊፎርኒያ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ትሬይለር የንግድ ንግግር ስለ ሆነ በሐሰት ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል ሲል በየነ። ክሱ በኋላ በሌላ ምክንያት ቢወድቅም፣ የወንድሜ የሃምሳ ሳንቲም ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

4. የቃል ተስፋ

ሁለተኛው ተስፋ በማስታወቂያው ላይ የሚነገረው ወይም የሚጻፈው ቃል ነው፤ «እውነተኛ ታሪክ»፣ «ከዚህ በፊት ያልታየ»፣ «የእገሌ ሥራ» የሚለው ሁሉ በዚህ ይመደባል።

ቫን ዳምን በዓለም ያሳወቀው የ1988 ፊልም «ብለድስፖርት»፣ በምሥጢር በተደረገ ውድድር ያሸነፈ የአንድ አሜሪካዊ እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ቀረበ። በዚያው ዓመት «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» ጋዜጣ የሰውየውን ቃል መርምሮ ብዙውን የሚያጠራጥር ሆኖ አገኘው። የቫን ዳም ርግጫ ግን በማስታወቂያው እንደ ታየው በፊልሙም አለ። ልብ በሉ፤ በአንዱ ማስታወቂያ ውስጥ ቃሉ ሲወድቅ አካሉ ቆሞ ቀረ።

«ሂሮ» ማለት «ጀግና» የተባለው የዣንግ ዪሙ ፊልም ደግሞ በቻይና በ2002 ታይቶ አሜሪካ የደረሰው በ2004 ነው። በዚያ ሲታወጅ የአሜሪካዊው ዲሬክተር የክዌንቲን ታራንቲኖ ስም «አቅራቢ» ተብሎ ከፊት ተጻፈ፤ እርሱ ግን ፊልሙን ዲሬክት አላደረገውም፤ ፕሮዲዩሰሩም አልነበረም። ቃሉ በጥብቅ ከተመረመረ ሐሰት አይደለም፤ ማቅረብ መሥራት አይደለምና። የተመልካቹን ሐሳብ ግን ወደማይገባው ሥፍራ ወሰደው። በደቻቱ የነበርነው ልጆች እንግሊዝኛውን ባለመስማታችን የተጠቀምነው በዚህ ነው፤ ያልሰማነው ቃል አላታለለንም።

5. የአካል ተስፋ

ሦስተኛው ተስፋ ተዋናዩ በሰውነቱ ሲሠራው የሚታየው ነው። ይህ ከሁለቱ የበለጠ ቃሉን ይጠብቃል፤ ነገር ግን እርሱም የሚሸፋፈንበት ዘዴ ስላለው አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ይነሣል፤ በሰከንድ 24 ሆኖም ይታያል። ካሜራው ዘግየት ብሎ በሰከንድ 20 ወይም 22 ሥዕል አንሥቶ በ24 ቢታይ፣ እጁ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ይፈጥናል፤ የሆንግ ኮንግ ፊልም ሠሪዎች በዚህ ዘዴ በሰፊው ተጠቅመዋል። ሁለተኛው ዘዴ ሽቦ ነው፤ ተዋናዩ በቀጭን ሽቦ ተይዞ ይዘላል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚቀለው መቁረጥ ነው፤ በአንዱ ቀረጻ የተዋናዩ ፊት ይታያል፤ በሚቀጥለው ደግሞ እግር ብቻ ይታያል፤ እግሩ የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው የቆረጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያን ለመመዘን የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ማንሣት ይበቃል። አንደኛ፣ ፊቱና የሚማታው እጅ ወይም እግር በአንድ ቀረጻ አብረው ይታያሉን? ሁለተኛ፣ ቀረጻው ሳይቆረጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን እስክንቆጥር ይቆያልን? ሦስተኛ፣ ተዋናዩ የሚነሣበትና የሚወድቅበት መሬት ይታያልን? ለሦስቱም አዎን የሚል ማስታወቂያ የሚያሳየው ነገር በእጁ ያለ ነው። የሌለውን ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ማሳየት ቀላል አይደለም።

በዚህ ሚዛን «ኦንግ ባክ» የተባለውን የ2003 የታይላንድ ፊልም እንመዝን። ዲሬክተሩ ፕራቻ ፒንኬው፣ ዋናው ተዋናይ ቶኒ ጃ ነው፤ የታወጀውም ያለ ሽቦ፣ ያለ ምትክና ያለ ኮምፒዩተር ሥዕል የተሠራ ነው ተብሎ ነው። በማስታወቂያው ሰውየው በቆመ ሰው ትከሻ ላይ ሲራመድ፣ በጉልበቱና በክርኑ ሲመታ ከነሙሉ ሰውነቱ ይታያል። ፊልሙ ይህንኑ ይሰጣል፤ ተመልካቹ እንዲያምን አንዱን ዝላይ ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ደጋግሞ እስከ ማሳየት ይደርሳል። ታሪኩ፣ ከመንደር የተሰረቀ የቡድሃ ምስል ራስ ፍለጋ መሄድ ስለ ሆነ፣ ቀጭን ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም ቀጭን ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ስለ ታሪኩ ጥልቀት ቃል ስላልገባ በዚህ አይወቀስም።

«ዘ ሬይድ» የተባለው የ2011 የኢንዶኔዥያ ፊልምም እንዲሁ ነው። የፖሊስ ጓድ የወንበዴ አለቃ ወደሚገዛው ረጅም ፎቅ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሲላት ፍልሚያ ነው። እዚህ ማስታወቂያው ጥቂት ሥጋ ለቅሞ አላቀመሰም፤ ድስቱ በእርግጥ ሙሉ ነበረ።

በዚህ ረገድ የጃኪ ቻንን ልማድ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በብዙ ፊልሞቹ መጨረሻ፣ የሠራተኞቹ ስም ሲወጣ፣ ያልተሳኩት ዝላዮችና የደረሱበት ጉዳቶች ይታያሉ። በ1980ዎቹ ዓመታት በዩጎዝላቪያ «አርመር ኦቭ ጎድ» የተባለውን ሲሠራ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ለሞት ተቃርቦ ነበር፤ ይህም በፊልሙ መጨረሻ ታይቷል። በቪዲዮ ቤት የጃኪ ፊልም ሲሆን ሰው ቶሎ አይነሣም ነበር፤ ሁሉም የመጨረሻዋን ይጠብቃል። እነሆ፣ ትሬይለር በቀድሞ ትርጉሙ፣ ከኋላ ተከትሎ የሚመጣ! በፊት የሚመጣው ማስታወቂያ ተስፋ ነው፤ በኋላ የሚመጣው ግን ማስረጃ ነው።

6. አንድ ተቃውሞ

እስከዚህ ድረስ የተነገረውን የሚያነብ ሰው፣ አካሉን በእውነት ያሳየ ማስታወቂያ ሁሉ ታማኝ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይህን የሚከለክል አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ።

በ2000 የወጣው የአንግ ሊ ፊልም «ያደፈጠ ነብር፣ የተሰወረ ዘንዶ» 4 የኦስካር ሽልማቶች አግኝቷል፤ ፍልሚያውን ያሰናዳው ዩዌን ዎ ፒንግ ነው። በማስታወቂያው የታዩት የጣሪያ ላይ ሩጫና የቀርከሃ ጫካ ፍልሚያ በፊልሙ በሙሉ ውበታቸው ይገኛሉ፤ ምንም አልጎደለም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ፍልሚያ ከመድረሱ በፊት ተመልካቹ ሩብ ሰዓት ያህል ዝግ ያለ ንግግር ይሰማል። የፊልሙም ልብ ፍልሚያው አይደለም፤ ሁለት ሰዎች በልባቸው ያለውን ፍቅር ለዓመታት ሳይናገሩት መቅረታቸው ነው። ለፍልሚያው የመጣ ልጅ «የሚያወራ ፊልም ነው» ብሎ ተነሥቶ ይወጣል፤ ይህን ታሪክ ሊወደው ይችል የነበረ ሰው ደግሞ ማስታወቂያውን አይቶ «የድብድብ ነው» ብሎ ሳይገባ ይቀራል።

ማስታወቂያው በዚህ አልዋሸም፤ ግን ዝምታን ለማሳየት አቅም የለውም። በ2 ደቂቃ ውስጥ ርግጫ ይታያል፤ ከርግጫው በፊት ያለው ትዕግሥት አይታይም። የኩንግ ፉ ፊልም ምርጡ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ትዕግሥት ነው።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ የሚገባው መልስ የሚከተለው ነው። የኩንግ ፉ ፊልም ማስታወቂያ በስም ሲመካ እጅግ መጠራጠር ይገባል፤ በቃል ሲመካ ቃሉን አንድ በአንድ መመርመር ይገባል፤ በአካል ሲመካ ግን፣ ቀረጻው ካልተቆራረጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይታመናል። የሚታመነውም ስለ ፍልሚያው እንጂ ስለ ፊልሙ አይደለም።

ዛሬ እነዚያ ቪዲዮ ቤቶች በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ማስታወቂያውም ከበር ሰሌዳ ወጥቶ በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ድምፁ ከፍ ብሏል፤ ቀረጻዎቹም አጥረዋል። የሚከፈለው ሃምሳ ሳንቲም ባይሆንም፣ ሁለት ሰዓት የሚሰጠው ሰው አሁንም ያው ልጅ ነው። ደጋግሞ የተታለለ ተመልካች በመጨረሻ «የካራቴ ፊልም ሁሉ ውሸት ነው» ይላል፤ በዚህም የሚጎዳው ስሙን የነገደው ሳይሆን፣ አጥንቱን ሰብሮ በእውነት የዘለለው ነው።

ስለ በረኛውም አንድ ቃል ልጨምር። «መጥቷል አይደለም እንዴ?» ያሉን ሰው የማስታወቂያን ሕግ በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ነበር፤ የታየው ነገር አለ፤ ስንት እንደ ሆነ ግን አልተነገረም። ወንድሜ በዚያ ቀን ገንዘቡን አላስመለሰም። በማግሥቱ ግን በደቻቱ አሸዋ ላይ ልጆቹ ሰብሰብ ብለው ፊልሙን ተርክ ባሉት ጊዜ፣ ከመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች በቀር ሌላውን አልተረከም። ከመካከላችን ያልገቡት ልጆች ያን ሰምተው በማግሥቱ ሃምሳ ሳንቲማቸውን ይዘው ሄዱ።